የናበጋው መርዶ

ደምሴ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። አያ ዓለምነውም ባለፈው ፍልሰታ አልፈዋል። ከእንግዲህ ይህን ነገር ባወራው የሚቀየመኝ ሰው የለም፤ ካለም ይቀየመኝ። ባለጉዳይዋ ራሷ ጻፈው ብላኛለች።

ከደምሴ ጋር አንድ ክፍል ተምረናል፤ ያቋረጥነውም በአንድ ዓመት ነው። እኔ ደብረ ታቦር ላይ ብየዳ ቤት ከፈትሁ፣ እሱ መኪና ላይ ወጣ። መጀመሪያ የጭነት መኪና ረዳት ሆነ፤ ከዚያ ሾፌር፤ በመጨረሻም ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር የሚመላለስ የአንድ አባዱላ ሚኒባስ ባለቤት። ሠላሳ ዓመት በጣና አጠገብ አለፈ እንጂ አንድ ቀን እንኳ ወርዶ እጁን አልታጠበበትም። ተሳፋሪ ይቸኩላል፤ እሱ ደግሞ ሰው ማስቀየም አይወድም። ዝምታው እኔን ያበግነኝ ነበር። ሦስት ነገር ጠይቄው አንዱን ይመልስልኛል፣ እሱንም በማግስቱ።

በ2010 ዓ.ም. ወገቡን አሞት ሰው መጫን ሲያቆም፣ ሚኒባሱ ግቢው ውስጥ አቧራ ለብሶ ቆመ። ያን ጊዜ ነው የአዲስዓለም መልእክት የመጣው። አዲስዓለም ከደብረ ታቦር አጠገብ የጋፋት ልጅ ናት፤ የደምሴ ጎረቤት የእትዬ አሰለፈች አንድያ ልጅ። ኩዌት ከሄደች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗት ነበር። አሠሪዎቿ በብርድ ወራት አልጋና ማድቤት ባለው መኪና በረሃ ወጥተው ይሰነብታሉ፤ እሷም እዚያ መኪና ውስጥ ስታበስል አንድ ሐሳብ ያዛት። አገሬ ስገባ እናቴን እንዲህ ባለ መኪና ጭኜ ጣናን አዞራታለሁ፣ ደስ ባላት ቦታ እያሳደርሁ፣ ከየጠበሉ እያስጠመቅሁ አለች። እትዬ አሰለፈች ሰማይ ሲጠራ ከዳገት ላይ ሆነው ጣናን ከሩቅ ያዩታል። ዕድሜ ልካቸውን አይተውታል፤ አጠገቡ ግን ደርሰው አያውቁም።

የቆመውን ሚኒባስ እንዲያውሳት ጠይቃው ነበርና ደምሴ እሺ አለ፣ ሥራው ለእኔ መጣ። ወንበሮቹን ነቅዬ አልጋ በየድሁ፤ ለውኃ ጀሪካን ማሰሪያ፣ ለምድጃ መቀመጫ፣ ለዕቃ መደርደሪያ ሠራሁ። የሰፈሩ ሰው ሳቀብኝ። ይህ ባዩ መኪና ላይ ቤት ሠራ፣ ቀጥሎ የሚስቱን ቤት ጎማ ይገጥምለታል ተባለ። ይበሉ። እንደዚያ አድርጌ የሠራሁት ሥራ የለኝም።

እትዬ አሰለፈች ልኩን ለመስጠት ከጋፋት በእግራቸው መጡ። ጫማቸውን አውልቀው ብረቱ ላይ በጀርባቸው ተኙና ጣሪያውን አዩ። እኔ ለአንድ ሰው ነበር የለካሁት።

«ለሁለት አድርገው» አሉኝ እንደተኙ። «ልጅ ሳለች እኔ ጎን ነበር የምትተኛ። አሥራ አንድ ዓመት ብቻዋን ተኝታለች።»

ብረቱን ቆርጬ አሰፋሁት።

በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት ሃያ ሰባት፣ ልጅቱ ልትመጣ ሦስት ሳምንት ሲቀራት፣ እትዬ አሰለፈች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ደክሞኛል ብለው ጋደም አሉ፤ አልተነሡም። ቀበርናቸው። ከቀብር መልስ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው መከሩና ልጅቱ እንዳትሰማ ተባለ።

በእኛ አገር እንዲህ ነው። ሰው በባዕድ አገር ብቻውን ሳለ የሞት ወሬ አይነገረውም። የሚይዘው፣ አብሮት የሚያለቅስ የለማ። አገሩ እስኪገባ ይጠበቃል፤ ከገባም በኋላ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ገና ሳይነጋጋ በር ይንኳኳና መርዶው ይነገራል። የሚናገረውም የተገኘው ሁሉ አይደለም። የአዲስዓለምን መርዶ መንገር የአጎቷ የአያ ዓለምነው ድርሻ ነበር፤ የእትዬ አሰለፈች ታላቅ ወንድም ናቸው። እስከዚያ ድረስ እናትሽ ጠበል ገብታለች፣ እዚያ ስልክ አይያዝም እንበላት ተባለ። ጥቁር የለበሱት ሴቶችም ልጅቱ ከመድረሷ በፊት ጥቁራቸውን እንዲያወልቁ ታዘዙ።

ባሕር ዳር ሄዶ እንዲቀበላት የተላከው ደምሴ ነበር። ወገቤ እንዳይከዳኝ አብረኸኝ ሂድ አለኝና ሄድሁ። ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ቆመን ሳለን ስልክ ተደወለ። አያ ዓለምነው ገሳይ ላይ ዘመድ ሞቶባቸው ለቅሶ ሄደዋል፤ የሚመለሱት በሦስተኛው ቀን ነው። ያለ እሳቸው መርዶ አይነገርም፤ ልጅቱም መንደር ገብታ ሦስት ቀን ብትቀመጥ ከአንዱ አፍ ያመልጣል። ስለዚህ መንገድ ላይ አዝግሟት ተባልን።

ምክንያት መፍጠር እንኳ አላስፈለገንም። መኪናውን ስታይ ሻንጣዋን ጥላ ሮጠች። አልጋው ላይ ወጣች፣ መደርደሪያውን ከፈተች ዘጋች፣ እጄን ይዛ ሳመችኝ። እናቷ ከጠበል እስክትወጣ ጥቂት ቀን አለ መባሉን በስልክ ሰምታ ነበርና፣ በሉ እንግዲህ በሐይቁ ዳር በዳር እንሂድ፣ እማዬ የምታድርበትን ቦታ አስቀድሜ ልምረጥላት አለችን። ደምሴ መሪውን እንደያዘ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ቀልድ ቢጤ ተናገርሁ፤ ምን እንዳልሁ አሁን አላስታውስም፣ መሳቄን ግን አስታውሳለሁ።

በሐሙሲት አልፈን ወደ ቆራጣ በሚወስደው አቧራማ መንገድ ወረድን። ኅዳር ነው፤ ዝናቡ አባርቷል፣ መንገዱ ደርቋል። እሷ ሳታቋርጥ ታወራለች። እማዬ እግሯ ብርድ አይወድላትም፣ ይህን ካልሲ አመጣሁላት። እማዬ ዓሣ ቀምሳ አታውቅም፣ እዚህ አስቀምሳታለሁ። ቆራጣ ስንደርስ ከአንድ ዋርካ ሥር አስቆመችን። መኪናው በዚህ ዞሮ ይቁም፣ በዚያ ዞሮ ይቁም እያለች ደምሴን ሦስት ጊዜ አመላለሰችው። ከዚያ አልጋው ላይ ተጋድማ፣ ራሷን አንዴ በበሩ በኩል አንዴ በመስኮቱ በኩል እያደረገች፣ እናቷ ከየት በኩል ብትተኛ ውኃው እንደሚታያት ሞከረች። በበሩ በኩል ነው ብላ ወሰነች። ጠዋት ሳያት ሰፊውን አልጋ ትታ ከዳር ተጠግታ ነበር የተኛችው። የእናቷን ቦታ ለቅቃላቸዋለች።

ያን ዕለት ደምሴ ቁርስ አልበላም። ውኃው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁትና ምን ሆንህ አልሁት። ጠጠር አንሥቶ ውኃው ውስጥ ጣለ። ተቆጣሁት። የእኔ ሆድ ከብረት አይደለም የተሠራው፣ እኔም እየተቃጠልሁ ነው፣ ቢያንስ አንተ ተናገረኝ አልሁት። ያን ጊዜ የእናቱን ነገር አነሣ። ታሪኩን አውቀው ነበር፤ ከአፉ ግን ሰምቼው አላውቅም።

ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ሁመራ በጭነት መኪና ይሠራ ነበር። እናቱ ሞተው ዘመዶቹ ሦስት ወር ሙሉ ሳይነግሩት ቆዩ። ደመወዙን አጠራቅሞ ለእናቱ ጥቁር ሻሽ ገዛ። ሲመለስ መንገድ ላይ የሚያውቁት ሰዎች ሁሉ አንገታቸውን እያቀረቀሩ ሰላም አሉት። ወረታ ላይ አንድ ያገሩ ሰው ምሳ ጋበዘውና ሲበላ ዝም ብሎ አየው። እሱ ግን ወሬ ደርቶለት ነበር።

«ሁመራ ላይ አታሞ እየመታሁ የጓደኛዬን ሠርግ አጅቤያለሁ» አለኝ። «ሦስት ወር ስስቅ ነበር፣ ባዩ። እሷ አፈር ውስጥ ሆና እኔ ስስቅ ነበር። መሞቷን ተቀብየዋለሁ። ሳቄን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አሁን ይህችን ልጅ እኔ ነኝ የማስቃት።»

የሽማግሌ ቃል አለ፣ የአያ ዓለምነው መብት አለ አልሁት። አውቃለሁ አለ። ተነሥቶ መኪናውን አስነሣ።

በሁለተኛው ቀን የጉማራን ወንዝ ተሻግረን ፎገራ ሜዳ ገባን። ሩዝ ታጭዶ ይወቃል፤ ከብቱ እስከ ጉልበቱ ረግረጉ ውስጥ ገብቶ ይግጣል። ከወረታ ወደ ሐይቁ ታጥፈን ናበጋ ስንደርስ ፀሐይዋ ገና ነበረች። ዳርቻው በሙሉ ወይን ጠጅ አበባ ለብሷል። አዲስዓለም እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች። ይህ ነው ቦታዋ፣ እማዬ አበባ ትወዳለች አለች። እምቦጭ የሚሉት አረም ነው፣ ሐይቁን እየገደለው ነው ልላት አሰብሁና ተውሁት። የዚያን ቀን የምንደብቃት ነገር በዝቶብን ነበር። እሷ አበባውን ቆርጣ በሃይላንድ ጠርሙስ ከአልጋው ራስጌ አስቀመጠችና ዘፈን ቢጤ ጀመረች። ደምሴ ዘፈኑን ሲሰማ ኩታውን ደርቦ ወደ መንደሩ ሄደ። ተከተልሁት።

ከመንደሩ ዳር ትርሐስ የምትባል ባለትዳር ሴት ቤት ነበር የምናድረው። ሩዝ እያበጠረች አገኘናት። ደምሴ ያን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ልጅቱ ማን እንደሆነች፣ እናቷ መቼ እንደሞቱ፣ እንዴት ደብቀናት እንደመጣን ሁሉንም ነገራት። ነገ ጠዋት ልነግራት ነው፤ የሚይዛት ሴት ግን የለም አላት።

ትርሐስ ወንፊቱን አስቀመጠች። «እኛ ምኗ ነን? አናውቃት፣ አታውቀን።»

«ነገ ጠዋት ብቻ እናቶቿ ሁኑላት» አላት ደምሴ።

እሷም ብዙ አላሰበችም። ነጠላዋን አንሥታ ወደ ጎረቤቶቿ ወጣች።

ስንመለስ ተጣላሁት። የሌላ ሰው መርዶ መንጠቅ ነውር ነው፤ አያ ዓለምነው ሽማግሌ ናቸው፣ እኅታቸውን ቀብረው ልጅቱ እስክትመጣ ብለው እንባቸውን ይዘው ቆይተዋል፤ አንተ ይህን ስትነጥቃቸው ጋፋት ላይ የሚያናግርህ ሰው አይኖርም አልሁት። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ሰማኝ። ልክ ነህ አለኝ። ልክ ነህ ብሎ ሐሳቡን የማይለውጥ ሰው ከማየት የበለጠ የሚያናድደኝ ነገር የለም።

በማለዳ፣ ገና ሰው ከሰው በሚለይበት ሰዓት፣ መኪናው ፊት ቆምን። ደምሴ ኩታውን ዘቅዝቆ ለብሷል፤ ጥለቱ ወደ አንገቱ ዞሯል። የሐዘን አለባበስ ነው። ከኋላችን ሰባት ሴቶች ነጠላቸውን እንደዚያው ዘቅዝቀው ቆመዋል። 

አዲስዓለም መፋቂያዋን አፏ ውስጥ አድርጋ ፈገግ እንዳለች በሩን ከፈተች። መጀመሪያ ደምሴን አየችው። ከዚያ ሴቶቹን። ከዚያ እንደገና የደምሴን ኩታ። መፋቂያው ከአፏ ወደቀ።

«መቼ?» አለች።

«ጥቅምት ሃያ ሰባት» አላት ደምሴ። «በአልጋዋ ላይ ነው። አልተሰቃየችም። አገሩ ሁሉ ወጥቶ ቀብሯታል።»

ከመኪናው ደረጃ ላይ ወደ ፊት ስትወድቅ ትርሐስ ደርሳ ያዘቻት። ከዚያ በኋላ ያለውን ለመጻፍ ይከብደኛል። ሰባቱ ሴቶች ከበቧት፤ ደረቷን ስትመታ እጇን ይዘው፣ ፊቷን ስትቧጭር በመዳፋቸው ሸፍነው፣ እሷ እማዬ ስትል እነሱም እናታችን እያሉ አለቀሱ። አንዲት አሮጊት ከመሐል ድምፃቸውን አውጥተው ለማያውቋት ሴት ሙሾ አወረዱላት፤

ስምሽን አላውቀው፣ ፊትሽን አላየሁ፣
ልጅሽ ስታለቅስ እኔም ልጅሽ ሆንሁ።

እኔ ያን ጊዜ ነው ያለቀስሁት። ደምሴ አላለቀሰም። ኩታውን እንደዘቀዘቀ ከመኪናው ጎማ አጠገብ ቆሞ ይጠብቃት ነበር።

ፀሐይዋ ከፍ ስትል ፊቷን በሐይቁ ውኃ አጠቧት። ትርሐስ እህል ካልቀመሽ አለቅሽም ብላ አንድ ሁለት አጎረሰቻት። አዲስዓለም ስታርፍ ደምሴን ጠራችው። የምትቆጣው መስሎኝ ተጠጋሁ። የጠየቀችው ግን አጎቷን ነበር፤ ያውቃሉ ወይ አለችው። አያውቁም አለ። መርዶው የእሳቸው እንደነበረ፣ ዛሬ ከገሳይ ገብተው ነገ ሊነግሯት እንደተዘጋጁ፣ ስንደርስ ጥፋቱን ራሱ እንደሚነግራቸው አስረዳት። እንባዋን ጠርጋ ወደ እሱ ዞረች።

«አይንገሯቸው፣ ጋሼ ደምሴ» አለችው። «አጎቴ ደግሞ ለማን ያልቅሱ? ነገ እሳቸው ይንገሩኝ።»

አንድ ቃል አስገባችን። ከዛሬ ወዲያ ማንም ሰው ቢሞት ለእኔ አይደበቅ፣ በዚያው ቀን ንገሩኝ አለች። ሁለታችንም እሺ አልናት። የእናቷን ካልሲ ለትርሐስ ሰጥታ መኪናው ውስጥ ገባች።  እስከ ደብረ ታቦር ድረስ፣ ቆራጣ ላይ በተኛችበት ዳር ሳይሆን፣ በአልጋው መሐል ተኝታ ነበር የመጣችው።

ጋፋት ስንደርስ ዘመዶቿ ዓይኗ ለምን አበጠ አሉ። የመንገዱ አቧራ ነው አለቻቸው። እናትሽ ነገ ከጠበል ይወጣሉ ብለው አክስቷ ቤት አሳደሯት።

በማግስቱ በማለዳው ግቢው ሙሉ ሰው ነበር። አያ ዓለምነው ከፊት፣ ሽማግሌዎቹ ከኋላ፣ ደምሴና እኔ ከአጥሩ ጥግ። በሩ ተንኳኳ፤ ከፈተች። አያ ዓለምነው አፋቸውን ቢከፍቱ ድምፅ አልወጣ አላቸው። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። እሷ ዓይን ዓይናቸውን እያየች ጠበቀቻቸው። አላቻኮለቻቸውም።

«ልጄ፣ እናትሽን አጥተናል» አሏት በመጨረሻ።

እኔ ታስመስላለች ብዬ ነበር የማስበው። ሞኝነቴ። እንደ ትናንቱ ጮኸች፣ ከትናንቱም ባሰች። አያ ዓለምነው ግን ሊይዟት እጃቸውን ሲዘረጉ ጉልበታቸው ከዳቸው። እኅታቸው ካረፉ አንድ ወር እንኳ አልሞላም፤ የያዙት እንባ ግን የዓመት ይመስል ነበር። እሷ ደገፈቻቸው። ደረታቸውን ሲመቱ እጃቸውን የያዘችው፣ ፊታቸውን በነጠላዋ ያበሰችው እሷ ናት። እሷን ይይዛታል ብለን የሰበሰብነው ሰው ሁሉ ቆሞ አየ። ትናንት ናበጋ ላይ ሴቶቹ እንዳደረጉላት ነበር የምታደርገው።

ከጎኔ አንድ ነገር ሰምቼ ዞር አልሁ። ደምሴ አጥሩን ይዞ ያለቅስ ነበር። ሰው ለጎረቤቱ የሚያለቅሰው ልቅሶ አልነበረም። እናቴን፣ እናቴን ይል ነበር። ሰዎቹ ለእትዬ አሰለፈች መሰላቸው፤ እንዴት ያለ ደግ ጎረቤት ነው ተባለ። እኔ ግን ትከሻውን ያዝሁት። አርባ ዓመት የዘገየ እርሙን ያን ቀን አወጣ።

አያ ዓለምነው የናበጋውን ነገር ሳይሰሙ ሞቱ። ደምሴ መኪናውን ለአዲስዓለም ለቀቀላት፤ እሷ ወደ ኩዌት አልተመለሰችም፣ ባሕር ዳር ሱቅ ከፈተች። በየዓመቱ በኅዳር ናበጋ ትወርዳለች፤ ትርሐስንና ጎረቤቶቿን መኪናው ውስጥ ሰብስባ ትውላለች። እምቦጩን አብራ ትነቅላለች ሲሉ ሰምቻለሁ።

ባለፈው ጥር ደምሴ ሞተ። ሰው እንደሞተ የእኛ ሰው ሥራውን ያውቃል። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። አንድ ልጁ ዳኛቸው ሪያድ ነው፤ እንዳይሰማ ተባለ። አባትህ ጠበል ገብቷል እንድለው ለእኔ ተሰጠኝ። እሺ አልሁ። አልዋሽም፣ እሺ አልሁ።

ከዚያ ወደ አዲስዓለም ደወልሁ። ቃል ስለገባሁላት በዚያው ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ደወልሁ። አፌ ትንሽ አሞት ነው ለማለት ተዘጋጅቶ ነበር፤ ልማድ ነው። «ደምሴ ሞተ» አልኋት።  መጣሁ አለች።

በዚያ በበየድሁት መኪና መጣች። አልቅሳ ከጨረሰች በኋላ ከድንኳኑ ጀርባ ወሰደችኝና ዳኛቸው ሰምቷል ወይ አለችኝ። የተባለውን ነገርኋት። ጠበል የሚለውን ስትሰማ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ እጇን ዘረጋች፤ ስልኬን ነበር የፈለገችው።

«ሪያድ ላይ የሚቀርበው ማን አለ?» አለችኝ።

የአገሩ ልጅ አባይ አብሮት እንደሚሠራ ነገርኋት። መጀመሪያ ለአባይ ደወለችለት፤ ሥራህን ትተህ አጠገቡ ሂድና ተቀመጥ፣ ስትደርስ ንገረኝ አለችው። ስልኩን ጉልበቷ ላይ አድርጋ የመኪናው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። አንድ ሰዓት ያህል ቆየን። አባይ ደርሻለሁ፣ ከጎኑ ነኝ ሲላት ተነሥታ ነጠላዋን ዘቀዘቀችና ለዳኛቸው ደወለች።